ኮምጣጣ አፈርና ኖራ፦ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ጨው የሚሆኑበት ሥርዓት

በደጋማ አጥቢያዎች ስለ ልማት ሥራ ከሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር በምንመካከርበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አቤቱታ አለ፤ «መሬታችን ማዳበሪያ አልቀበል አለ» የሚል ነው። ገበሬው በብድር ማዳበሪያ ገዝቶ ይዘራል፤ ገብሱ ግን ቀጭጮ ቢጫ ይሆናል፣ ባቄላውም ሥሩ አጥሮና ደድሮ ይቀራል። ብድሩ የሚከፈልበት ወር ሲደርስ ጎተራው ባዶ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ መሬቱ ተረግሟል ይላል፤ ሌላው ማዳበሪያው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ ሻጩን ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ከሁለቱም አይደለም። አፈሩ ኮምጥጧል።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ የአሲዳማነት ችግር ያለበት መሆኑ በግብርናው ዘርፍ ሲነገር ቆይቷል። ጎጃምና አዊ፣ ወለጋ፣ የጋሞ ደጋ፣ በጠቅላላው ዝናብ የሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች በዚህ ይታወቃሉ። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። ይሁን እንጂ ኖራ እንደ ጠበል የሚረጭ በረከት ሳይሆን በመጠንና በጊዜ የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ፣ በምእመናን ገንዘብ ኖራ ለመግዛት የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ በአፈሩ ውስጥ የሚከናወነውን ነገር ቢያውቅ ገንዘቡን ከብክነት ያድናል። ስለዚህ በዚህ እትም ከኬሚስትሪ አንድ ትምህርት፣ ይኸውም አሲድና ቤዝ ተገናኝተው እንዴት ጨው እንደሚሆኑ፣ ለአባቶች ካህናትና ለጉባኤ አባላት እናቀርባለን።

የሦስቱ ስሞች ትርጉም

አሲድ የሚባሉት ነገሮች ከቤታችን የራቁ አይደሉም። የሎሚ ጭማቂ፣ ሆምጣጤ፣ የተብላላ የእንጀራ ሊጥ በውስጣቸው አሲድ አለ፤ በጨጓራችንም ምግብ የሚፈጨው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጋዥነት ነው። ኮምጣጣ የሚያሰኛቸው አንድ የጋራ ጠባይ ነው፤ በውኃ ውስጥ ሲሟሙ የሃይድሮጅን አዮን የተባለ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙላት የያዘ እጅግ ደቂቅ ቅንጣት ይለቃሉ። ቤዝ ደግሞ ይህን ቅንጣት የሚቀበል ነገር ነው። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት የአመድ ውኃ ቤዝ ነው፤ በጣት ሲነካ የሚያሟልጨውም ስለዚህ ነው። ሳሙናና ኖራ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሁለቱ ሲገናኙ አሲዱ የሚሰጠውን ሃይድሮጅን ቤዙ ይቀበለውና ውኃ ይሆናል። ከአሲዱ የቀረው ክፍልና ከቤዙ የቀረው ክፍል ደግሞ ይዋሐዳሉ፤ ይህ ውሕድ በኬሚስትሪ ቋንቋ «ጨው» ይባላል። ለምሳሌ 36.5 ግራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ40 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቢገናኝ 58.5 ግራም የገበታ ጨውና 18 ግራም ውኃ ይገኛል። ሁለቱ ለየብቻቸው ሥጋን የሚያቃጥሉ ነበሩ፤ ከተገናኙ በኋላ ግን የቀረው የጨው ውኃ ብቻ ነው። ሒሳቡን ላስተዋለ ሰው የገባው 76.5 ግራም፣ የወጣውም 76.5 ግራም ነው። አንዳች የጠፋ ነገር የለም፤ አሲዱ ሌላ ነገር ሆነ እንጂ አልተወገደም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጨው የሚለው ስም በሳይንስ ለወጥ ለሚሆነው ብቻ የተሰጠ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ጨው ነው፤ ጂፕሰም ጨው ነው፤ ከምንዘራቸው ማዳበሪያዎችም ብዙዎቹ ጨዎች ናቸው። ሁሉም ጨው ደግሞ በዐይናችን ፊት ከአሲድና ከቤዝ የተሠራ አይደለም፤ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ የባሕር ውኃ ተንኖ የተወው ነው።

ቤዙ ካርቦኔት የሚባል ዓይነት ከሆነ፣ ከጨውና ከውኃ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ ላይ ሲጨመቅ አረፋ የሚደፍቀው ስለዚህ ነው። ይህ መፍላት በቅዱስ መጽሐፍም ሳይታወስ አልቀረም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 ቁጥር 20 ላይ የዕብራይስጡ ንባብ ላዘነ ሰው የሚዘፍነውን ሰው፣ ናትሮን በተባለ የሶዳ ጨው ላይ ከሚፈስ ሆምጣጤ ጋር ያመሳስለዋል፤ የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን ሆምጣጤው በቁስል ላይ እንደ ፈሰሰ አድርጎ አንብቦታል። ናትሮን በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት ስለ ሆነ፣ ሆምጣጤ ሲነካው ይፈላና ያጥብበት የነበረውን ኃይሉን ያጣል። ንባቡን ለሚተረጉም መምህር የኬሚስትሪው ዕውቀት የሚጨምረው ብርሃን አለ ብለን እናምናለን።

አፈሩ ለምን ይኮመጥጣል

የሸክላ አፈር ቅንጣቶች በገጻቸው ላይ ካልስየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም የተባሉትን የእህል ምግቦች ይዘው ይቆያሉ። ዝናብ ሲዘንብ ከአየርና ከሥሮች እስትንፋስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ ወደ ታች ሲሰርግም ሃይድሮጅኑን በሸክላው ላይ ትቶ ካልስየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስዳል። ይህ በየክረምቱ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም የደጋው አፈር ወደ አሲድነት ያዘነብላል።

የሰው እጅም አለበት። እህሉ ሲታጨድ፣ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ እነዚያ ንጥረ ነገሮች ከማሳው ወጥተው አይመለሱም። ዩሪያን የመሳሰሉ ማዳበሪያዎችም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ ተጨማሪ አሲድ ይፈጥራሉ። ማዳበሪያ አይጠቀሙ ማለታችን አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ማዳበሪያ ብቻ የተጨመረበትና ሌላ ምንም ያልተመለሰለት መሬት ይኮመጥጣል ማለታችን ነው።

ማንም ገበሬ ሊያረጋግጠው የሚችል ምልክት አለ። የጓሮ መሬት ከሩቅ ማሳ ይልቅ ሁልጊዜ የተሻለ ያበቅላል። ይህ ለቤት ስለ ቀረበ ብቻ አይደለም፤ የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ፍግና ጥራጊው ሁሉ ስለሚወድቅበት ነው። አመድ ፖታሲየምና ካልስየም ካርቦኔት የያዘ ቤዝ ነውና፣ ባለቤቲቱ ሳታስበው በየማለዳው መሬቱን ኖራ ስታበላው ኖራለች። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥም ቅጠሉ ወድቆ እዚያው ስለሚበሰብስ፣ ዛፉ ከአፈር የወሰደው ወደ አፈር ይመለሳል።

የአሲዱ ዋና ጉዳት ኮምጣጣነቱ ራሱ ሳይሆን ኮምጣጣነቱ የሚያስነሣው ነገር ነው። በሸክላ ውስጥ ታስሮ የሚኖር አሉሚኒየም የተባለ ማዕድን አለ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ መሟሟት ይጀምርና ለሥር መርዝ ይሆናል። ሥሩ ይደድራል፣ አይረዝምም፤ በጥልቀት ያለውን ውኃ መጠጣት ስለማይችል ዝናብ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ ተክሉ ይጠወልጋል። ከዚህም በላይ አሉሚኒየምና ብረት በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ይይዙና ከማይሟሟ ጨው ያደርጉታል። «መሬቱ ማዳበሪያ አልቀበል አለ» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። መሬቱስ ተቀብሎታል፤ ለእህሉ ግን አልሰጠም። ባቄላና ገብስ ይህን ለመቋቋም ደካሞች ናቸው፤ ጤፍና ድንች ይሻላሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ለከሰል በሚሆን የግራር ዓይነት ከሸፈኑባቸው ምክንያቶች አንዱ የአፈሩ መኮምጠጥ ነው።

ኖራው ምን ያደርጋል

በግብርና ኖራ የሚባለው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልስየም ካርቦኔት ነው። 100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 73 ግራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ያበርዳል፤ ከዚያም 111 ግራም ካልስየም ክሎራይድ የተባለ ጨው፣ 18 ግራም ውኃና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። በአፈር ውስጥ ያለው አሲድ በአመዛኙ በሸክላው ላይ የተጣበቀ ስለ ሆነ አካሄዱ ትንሽ ይለያል እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። ካርቦኔቱ ሃይድሮጅኑን ተቀብሎ ውኃና ጋዝ ይሆናል፤ ካልስየሙ በሸክላው ላይ የተለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ሸክላውን እንደ አንድ ትልቅ አሲድ ብንቆጥረው፣ ካልስየም የያዘው ሸክላ የእርሱ ጨው ነው ማለት ይቻላል። የሚመርዘው አሉሚኒየምም ተመልሶ በማይሟሟ መልክ ይረጋል፤ የታሰረው ፎስፈረስ ቀስ በቀስ ይለቀቃል።

በዚህ ውስጥ አሲዱን የሚያበርደው ካርቦኔቱ እንጂ ካልስየሙ አለመሆኑ በጣም ሊታወቅ የሚገባ ነው። ጂፕሰም እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ነው፤ ካልስየምም አለው። ነገር ግን ካልስየሙ የተዋሐደው ከሰልፌት ጋር ስለ ሆነ፣ ሰልፌትም ሃይድሮጅንን የመቀበል ኃይሉ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ፣ ጂፕሰም የአፈርን ፒኤች ከፍ አያደርግም። ለሌላ ችግር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን ኖራን አይተካም። የመጣው ጭነት ኖራ መሆኑን ለማየት ጉባኤው ቀላል ፈተና ማድረግ ይችላል። ከየኩንታሉ በማንኪያ ጥቂት ዱቄት አውጥቶ ሆምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያንጠባጥብበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ይፈላል፤ ጂፕሰም፣ አሸዋ ወይም ተራ አፈር ከሆነ ዝም ይላል። ይህ ፈተና ንጽሕናውን በመቶኛ አይነግረንም፤ ከትልቅ ስሕተት ግን ይጠብቃል። ዱቄቱ ምን ያህል የላመ እንደ ሆነ ደግሞ በጣት መካከል አሽቶ ማየት ይገባል። አሲዱና ኖራው የሚገናኙት በኖራው ቅንጣት ገጽ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ጠጠር የተፈጨ ኖራ ለዓመታት ሳይሠራ በማሳው ውስጥ ይቀመጣል።

ለግንብ ቅብና ለልስን የሚውለው ኖራ ግን ሌላ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ጋዙን ለቆ ካልስየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ውኃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ ዐይንና ቆዳም ያቃጥላል። የጎንደር ነገሥታት ግንቦችና ድልድዮች የተያያዙት ከዚህ በሚገኘው የኖራ ጭቃ ነው። አሲድን በማብረድ ከድንጋዩ ዱቄት ይበረታል፤ ያለ ባለሙያ ምክር ግን ለገበሬ እጅ መስጠት አይገባም።

ጽዋውና ጋኑ

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካበት ፒኤች ከ0 እስከ 14 የሚደርስ መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ዐሥር እጥፍ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር ፒኤቹ 6 ከሆነው ዐሥር እጥፍ፣ 7 ከሆነው ደግሞ መቶ እጥፍ ይኮመጥጣል።

ሆኖም ፒኤች ብቻውን የኖራውን መጠን አይነግርም። ከጋን የተቀዳ ጽዋ የጠላውን ጣዕም ያሳያል፣ ጋኑ ምን ያህል እንደሚይዝ ግን አያሳይም። ፒኤች በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለውን አሲድ ይለካል፤ በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠው አሲድ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አሸዋማ አፈርና ከባድ ሸክላ እኩል 5 ቢያሳዩ እንኳ፣ ሸክላው የሚፈልገው ኖራ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት «ጎረቤት አጥቢያ ይህን ያህል ኩንታል ጨመረ» ተብሎ መጠን መወሰን አይገባም። የላቦራቶሪ ውጤት ለአንዱ ማሳ በሄክታር 10 ኩንታል፣ ለሌላው 40 ኩንታል ሊያዝ ይችላል።

ለዚህም የአፈሩ ናሙና በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። በአንድ ማሳ ውስጥ እየተጠማዘዙ ከ15 ያላነሱ ቦታዎች ላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ጥቂት ጥቂት መውሰድ፣ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅሎ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ማስቀረት፣ በጥላ ማድረቅና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረከብ ነው። አመድ ከተደፋበት፣ ከብት ከሚያድርበትና ከአጥር ሥር አይወሰድ። ተዳፋቱና ሜዳውም ለየብቻ ናሙና ይውጣላቸው።

መጠኑ ሲያንስ ገንዘቡ ይባክናል፤ ሲበዛም ጉዳት አለው። ከልክ ያለፈ ኖራ ዚንክንና ብረትን የመሳሰሉ በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ምግቦችን ያስራል፤ በድንች ላይም የዕከክ በሽታን ያበረታታል። «ለሁሉም እንዲዳረስ» ተብሎ ለአንድ ማሳ የሚበቃውን ለአራት ማከፋፈል ከሁሉ የከፋ ሆኖ እናየዋለን። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን በአራቱም ማሳ አሉሚኒየሙ እንደ ነበረ ይቀርና ገበሬዎቹ «ኖራም አይሠራም» ብለው ይበተናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ለጥቂቶች በሙሉ መጠን ሰጥቶ፣ ተራውን በዕጣ ወስኖ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ይሻላል።

መሬቱ የማን፣ ኖራው የማን

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ችግር ደግሞ አለ። ኖራ በአንድ ክረምት አያልቅም፤ በትክክለኛው መጠን ከተጨመረ ጥቅሙ ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። ወጪው ግን፣ በተለይ የማጓጓዣው፣ በመጀመሪያው ቀን የሚከፈል ነው። ከደጀን ወይም ከጉደር ተፈጭቶ የሚመጣ ኖራ ራቅ ወዳለ አጥቢያ እስኪደርስ የመኪናው ኪራይ ከዱቄቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በየአጥቢያው መሬት ኖሯቸው በሬ የሌላቸው መበለቶችና አረጋውያን አሉ፤ መሬታቸውን የሚያርስላቸው የእኩል አራሽ ነው። አራሹ «በሚመጣው ዓመት መሬቱን ለሌላ ብትሰጪው ኖራዬ ለማን ይቀራል?» ይላል፤ እርሷ ደግሞ ለኖራ የምትከፍለው የላትም። በመካከል መሬቱ ይኮመጥጣል፤ ምርቱ ሲያንስ እኩሌታውም ያንሳል፤ የምትጎዳውም አስቀድማ ደካማ የነበረችው ናት። በእኛ አመለካከት ቤተ ክርስቲያን ከማንም ይልቅ የምትረዳው እዚህ ላይ ነው። የንስሐ አባቱና የሰበካው ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች አቀራርበው፣ አራሹ የኖራውን ወጪ ከተካፈለ ቢያንስ ለሦስት ወይም ለአራት መኸር እንዳይነሣ በጽሑፍ ቢያዋውሏቸው፣ የጉባኤው ገንዘብም የእርሷን ድርሻ ቢሸፍን፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ውሉ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ቅጂውም በቀበሌ እንዲያዝ እንመክራለን፤ በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ነገር በሦስተኛው ዓመት ክርክር ሆኖ ሲመጣ ያየ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል።

የሥራው ጊዜ

አሲድና ቤዝ በደረቅ አፈር ውስጥ አይገናኙም፤ እርጥበት ያስፈልጋቸዋል። ተገናኝተውም ሥራቸውን ለመጨረስ ሳምንታት ይወስዳሉ። ስለዚህ ኖራ ከዘር ከአንድ እስከ ሁለት ወር አስቀድሞ መጨመር አለበት። በሰኔ ለሚዘራ ማሳ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መግቢያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው፣ መልካም ጊዜ ነው። ናሙናው እንግዲህ በጥር ወይም በየካቲት መወሰድ፣ ግዢውም በዐቢይ ጾም ማለቅ ይኖርበታል። በሰኔ ኖራ የሚገዛ ጉባኤ ዓመቱ አልፎበታል።

በሄክታር 20 ኩንታል የታዘዘለት ማሳ በአንድ ካሬ ሜትር 200 ግራም ይደርሰዋል። ማሳውን በገመድ ከፋፍሎ ለየክፍሉ የሚገባውን መዝኖ መበተን ከዐይን ግምት ይሻላል። ንፋስ በሌለበት ማለዳ ይበተን፤ የሚበትኑትም አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ይሸፍኑ። ወዲያው በማረሻ ሁለት ጊዜ ማገላበጥና እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ በላይ የቀረ ኖራ ከሥሩ በታች ያለውን አሲድ አያገኘውም። ዩሪያ ከኖራ ጋር በአንድ ቀን አይጨመር፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል።

ኖራ ማዳበሪያን አይተካም፤ ማዳበሪያው እንዲሠራ መንገዱን ይከፍታል እንጂ። ኮምፖስትና ፍግም ከእርሱ ጋር ቢሄዱ መልካም ነው፤ ብስባሽ አሉሚኒየምን ይይዛልና። ኖራ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ የምድጃውን አመድ አከማችቶ በባቄላው መደብ ላይ ይጨምር፤ ለሰፊ ማሳ ባይበቃም ለትንሽ መደብ ይረዳል።

ኖራ በተጨመረበት በእያንዳንዱ ማሳ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ ቦታ ያለ ኖራ ይቅር፤ በአራቱም ማዕዘን ችካል ይተከልበት። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና አረሙ ከሌላው ጋር እኩል ይሁን። በመኸር ጊዜ ያ ቦታና ኖራ የተጨመረበት እኩል ቦታ ለየብቻ ታጭደው፣ ለየብቻ ተወቅተው ይመዘኑ፤ ሁለቱ ክብደቶችም ባለማሳው ባለበት በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ይጻፉ።